በቀይ የተሰረዘው ክኒን

ተመዝግቦ እንዲቀርልኝ የምፈልገው በደል ይሄ ነው። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ በነበረበት ሳምንት፣ ሰበታ ውስጥ አንድ የጤና መኮንን የልጅ ልጄን መድኃኒት በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። መድኃኒቱን ማን እንዳዘዘው አልጠየቀም። ለምን እንደታዘዘም አልጠየቀኝም። ፊቱ ቆሜ "ልጄ፣ አንዴ ስማኝ" እያልኩት እሱ በአናቴ ላይ አሻግሮ "ቀጣይ!" አለ።

ከዚያ በኋላ ለደረሰብን ነገር ሰው ብዙ ምክንያት ሰጥቶታል። ጭሱ ነው ያለ አለ፤ ብርዱ ነው ያለ አለ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያለችም ጎረቤት አለችኝ። እኔ ግን ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ከቀዩ መስመር ነው የምጀምረው።

ልጅቷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ገላን ፋብሪካ ስለምትሠራና እዚያው ስለተከራየች እኔ ጋ ነው ያደገችው። አኮ ነው የምትለኝ፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ትምህርት ቤቷ ዳገት ላይ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ዳገት ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች ወጣችው። መምህሯ ሰነፍ አላት። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴ ሰነፍ ብያታለሁ። አንድ ቀን ለጥጃዋ ሣር ተሸክማ ስትመጣ በር ላይ ወደቀች። ከንፈሯ እንጆሪ የበላች ይመስል ጠቁሮ ነበር።

አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት። የያዘቻት ሐኪም ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የልቧ ቀኝ ጎን ሰፍቷል አለችኝ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚወስዱት ሥሮች ስለጠበቡ ልቧ እየገፋ ደክሟል። በጭኗ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቧ አስገብተው፣ አንድ የሚተነፈስ ነገር ሰጥተው የሳንባዋን ሥሮች ግፊት ለኩ። በሚቀጥለው ቀን ሐኪሟ ፈገግ ብላ መጣች።

"ሥሮቹ ሲነገራቸው የሚሰሙ ናቸው፤ ላላ ብለዋል። ከብዙ በሽተኛ ለጥቂቱ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆንለት። ለእሷ የሚሆን ክኒን አለ፤ ርካሽ ነው፣ በየከተማው አለ" አለችኝ።

ክኒኑ ለደም ግፊት የሚሰጠው ነው፤ ለእሷ ግን መጠኑ ከፍ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ብዙ ጻፈች። ከሥሩ ነርሷ ለእኔ ብላ በአማርኛ ሁለት መስመር ጨመረችልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ምስክር ወረቀቴ እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ። ነርሷ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። "ካልሲየም ወደ ጡንቻው እንዳይገባ የሚከለክል። በድንገት እንዳይቋረጥ።"

"ጎበዝ እማማ! ገባዎት?" አለችኝ።

"ገብቶኛል" አልኩ።

ካልሲየም ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰበታ ስንመለስ ከእኔ ወተት የሚገዛውን መምህር ጠየቅኩት። "ወተት ውስጥ ያለው ነው እማማ፣ አጥንት የሚያጠነክረው" ብሎኝ ጠርሙሱን ይዞ ሄደ። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። መድኃኒቱ ካልሲየም የሚከለክል ከሆነ፣ ካልሲየም ደግሞ ወተት ውስጥ ካለ፣ እኔ ጠዋት የሰጠኋትን ክኒን ማታ በኩባያ ወተት እያፈረስኩት ነው ማለት ነው። ሁለት ላም ያለባት ቤት ውስጥ ልጅቷን ከወተት አገድኳት። እርጎም፣ አይብም፣ አሬራም ቀረ።

"አኮ፣ ጾም ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ላንቺ ጾም ነው።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትድኚ።"

ደህና ሆነች። ዳገቱን አንዴ ብቻ አርፋ መውጣት ጀመረች። እኔም ሁለቱንም ነገር፣ ክኒኑንም ክልከላውንም፣ እኩል አመሰገንኩ።

የማስተር ፕላኑ ወሬ የመጣው በዚያ መሀል ነው። አዲስ አበባ ሰፍታ እኛ ድረስ ትመጣለች፣ የገበሬው መሬት ይሄዳል ተባለ። ላሞቼ የሚግጡበት መስክ ላይ አንድ ጠዋት ጫፋቸው ቀለም የተቀባ ችካሎች ተተክለው አገኘሁ። ማን እንደተከላቸው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። አንዱን ነቅዬ ቤቴ በር ላይ ተከልኩትና ጥጃዬን አሰርኩበት። ቀበሌ ሰምቶ ሰው ላከብኝ። "እማማ፣ ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው" አለኝ የመጣው ሰው። "መሬቱስ የማን ነው? እሱን ንገረኝና ችካሉን እመልሳለሁ" አልኩት። እጁን አወናጭፎ ሄደ፤ ችካሉም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ጠዋት ሰላም የነበረው ከሰዓት ድንጋይና ጎማ ይሆናል። ሱቅ የሚከፈተው በግማሽ በር ነው። ወተቱን የሚሰበስበው መኪና ቀረ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። በር ላይ እቆማለሁ፣ አጥር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የክኒኑን ማሸጊያ አውጥቼ እቆጥራለሁ። ሐኪሟ "መንገድ ቢቸግርዎ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ሄደው ወረቀቱን ያሳዩ" ብላኝ ነበር። የሁለት ቀን ክኒን ሲቀረን ወረቀቱንም ልጅቷንም ይዤ ሄድኩ።

የጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። የቆሰለ ሰው ሲያመጡለት ነው የከረሙት። ወረፋው እስከ ግቢው ድረስ ነው። በሩ ክፍት ስለሆነ ውስጥ የሚባለውን ውጭ ያለው ሁሉ ይሰማል። የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረ፣ ነፋው፣ ፈታው።

"እማማ፣ ይቺ ልጅ ግፊት የለባትም። እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው።"

"የክንዷ አይደለም ልጄ፣ የሳንባዋ ነው።"

ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። "ሳንባም ግፊት አለው እንዴ? ቀጥሎ የጥርስ ግፊት ይመጣል!" ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

መኮንኑ ወረቀቱን አየው። ገልብጦ አየው፣ መልሶ አየው። ፊቱ ተቀያየረ።

"ይሄ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ነው። ይሄን ያህል መጠን ለልጅ! ልትገድሏት ነው?" አለና ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመረበት። ትልቁ መዝገብ ላይም የሆነ ነገር ጻፈ።

"ከሥር ያለውን በአማርኛ አንብበው፤ እንዳይቋረጥ ይላል" አልኩ።

"ቀጣይ!"

ከጤና ጣቢያው ወጥቼ ያችን ዕለት የተከፈተችውን አንድ ፋርማሲ አገኘሁ። ባለፋርማሲዋ ወረቀቱን አይታ መለሰችልኝ። "እናቴ፣ ይሄ ተሰርዟል። ብሸጥልዎ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው" አለችኝ። እሷን አልቀየምኳትም። ቀዩ መስመር በሄድኩበት ሁሉ ከእኔ ጋር እየሄደ ነበር።

የቀሩት ክኒኖች አለቁ። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። በአራተኛው ከአልጋ እስከ በር ስትሄድ እረፍት ፈለገች። በአምስተኛው ፈተና አለብኝ ብላ፣ አይሆንም ብላት አለቀሰችና፣ ቀስ ብላ ሄደች። ተማሪው ያንን ቀን ከክፍል ወጣ። የሚያስለቅሰው ጭስ ግቢው ውስጥ ተተኮሰ። የሮጠ ሮጠ። የእኔዋ መሮጥ አትችልም። ሁለት የክፍሏ ልጆች ነጠላ ላይ አስተኝተው ሲያመጧት መንገድ ላይ ተገናኘን። ከንፈሯ እንደገና እንጆሪ ሆኗል።

ጎረቤቴ ባለሱቁ፣ የመጣ የሄደ ሁሉ ሐጂ የሚለው ሰው፣ ፒካፑን አስነሳ። ወደ አዲስ አበባ መውጫው ላይ ወጣቶቹ ድንጋይ ደርድረዋል።

"አኮ፣ ይመለሱ! ዛሬ መኪና አያልፍም!"

ወርጄ መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው ነጠላዋን ገለጥኩላቸው። "ና እይ! ከንፈሯን እይና አታልፉም በለኝ!"

ከፊት የቆመው ልጅ አየ። ዞሮ ጓደኞቹን በኦሮምኛ ጮኸባቸውና ድንጋዩን በእጃቸው ማንሳት ጀመሩ። ትንሽ እልፍ እንዳልን ደግሞ የታጠቁት የመንግሥት ሰዎች አስቆሙን። እነሱም ነጠላውን ገልጠው አይተው አሳለፉን። በዚያ ሰሞን ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያንን ቀን ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ኦክስጅን ሰኩላት፤ ክኒኑን መለሱላት። በሦስተኛው ቀን ማውራት ስትጀምር ሐኪሟን እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። "አሁን አስረጂኝ። ይሄ ክኒን ምን ይሠራል? ቢቀር ምን ይሆናል? አጥፊው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ" አልኳት።

ወረቀት ላይ ክብ ሠራች። "ይሄ የሳንባዋ የደም ሥር ነው፤ እንደ ቱቦ ተቆርጦ አፉ ሲታይ። ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ነው። እንደ ክንድዎ ጡንቻ አይደለም፤ ክንድዎን ሲፈልጉ ያነሱታል፣ ይሄን ግን ማንም አያዝዘውም። በራሱ ይጠብቃል፣ በራሱ ይላላል።"

"በምን?"

"በካልሲየም። ጡንቻው እጅግ ትናንሽ ሕዋሶች ናቸው። በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም የለም ማለት ይቻላል፤ ከውጭ ግን ሞልቷል። ቆዳው ላይ በሮች አሉት። ውስጡ ደግሞ የራሱን ካልሲየም ያጠራቀመበት ትንሽ ጎተራ አለው። ጥበቅ የሚል መልእክት ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ ጥቂት ይገባል፣ ጎተራውም ያለውን ይለቃል። ያ ካልሲየም አንድ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ ፕሮቲኑ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰው ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ያጓትታቸዋል። ሕዋሱ ያጥራል። ሁሉም አንድ ላይ ሲያጥሩ ቱቦው ይጠባል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሥራው ሲያልቅ ካልሲየሙ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የቀረው ወደ ጎተራው ይመለሳል፣ ጡንቻው ይላላል። አሁን እያወራን በእርስዎም በእኔም ሳንባ ውስጥ እንዲህ እየሆነ ነው። የእሷ ግን አይመለስም። ብዙ ይገባል፣ ብዙ ይቆያል። ጨብጦ መፍታት እንደረሳ እጅ በሉት።" ክቡ ላይ ትንሽ ሰረዝ ጨመረች። "ክኒኑ እዚህ በሩ ላይ ነው የሚቆመው። ካልሲየም እንደ ልብ እንዳይገባ። ክኒኑ ሲቀር በሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል።"

"ጭሱስ?"

መልሷን መዝና ነው የሰጠችኝ፤ ለዚህ አከብራታለሁ። "የሳንባ ሥር ጠባየ ልዩ ነው። አየር ሲያጥር የሌላው አካል ሥር ይሰፋል፣ የሳንባው ግን ይጠባል፤ ያም የሚሆነው በዚሁ ካልሲየም ነው። ስለዚህ ጭሱ ጨምሮባታል፤ አልጨመረም ብዬ አልምልም። ግን ከጭሱ በፊት እግሯ አብጧል ብለውኛል። እሱ የክኒኑ መቅረት ነው።"

ለፍርድ የሚሆን ነገር አገኘሁ። ደስ ብሎኝ እኔም የበኩሌን ላሳውቃት ብዬ፣ "በእኔ በኩል ጉድለት የለም፤ ወተት ከከለከልኳት አራት ወሯ ነው" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ምን አደረጉ?"

ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። የወተት ካልሲየም ወደዚያ በር በቀጥታ እንደማይሄድ፣ ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ልክ ጠብቆ እንደሚይዝ፣ ካልጠጣች ከአጥንቷ እየወሰደ እንደሚሞላው ነገረችኝ። በማደግ ላይ ካለች ልጅ አጥንት።

"ለምን አልጠየቁኝም እማማ?"

ክብ የሣለችበትን ወረቀት አንሥቼ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ልጅቷ ከአልጋው ላይ ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ገለል አድርጋ፣ "እኔ እኮ እጠጣለሁ" አለች።

"የት?"

"ባለሱቋ ጋ። ጠዋት ጠዋት ሻይ በወተት ትሰጠኛለች። አንዳንዴ ወተቱን ብቻ።"

"የሐጂ ሚስት? ወተት ከየት አምጥታ?"

"ካንቺ ነው እኮ የምትገዛው።"

ሐኪሟ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔ ያንን ቀን አልሳቅኩም። አሁን እስቃለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። አዲሱን ወረቀት ይዤ ቀጥታ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋ ገባሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። መዝገቡን አስመጥቶ አነበበልኝ፦ "ቤተሰብ ያለ አግባብ የግፊት መድኃኒት እየሰጠ ነው፤ እንዳይሰጣት።"

"ይሄ ይሰረዝ። የሐኪሟ ማኅተም ያለበት ይኸው" አልኩት።

"አዴ፣ ያ ወረቀት የአዲስ አበባ ነው፣ መዝገቡ ደግሞ የእኛ ነው። የጻፈው ሰው ራሱ ካላረመው እኛ አንነካውም። ደግሞ ልጅቷን የጣላት ጭሱ ነው ተብሎ ጉዳዩ ተዘግቷል።"

"ማን ዘጋው?"

"እንግዲህ ያኔ የነበረው ሁኔታ..."

"ነገ መንገዱ እንደገና ቢዘጋ ክኒኑን ከየት አመጣለሁ? ከእናንተ ነው። እናንተ ደግሞ ይሄን ታነባላችሁ። የጻፈው የት ነው?"

"ተዛውሯል። ቡራዩ።"

ከሰበታ ቡራዩ ዓይን የሚያየው ይመስላል፤ ታክሲ ግን አዲስ አበባ አስገብቶ፣ አዙሮ ነው የሚያደርሰው። ግማሽ ቀኔን ጨረሰው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው ጥበቃ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"እሱ ሰውዬ ሱሉልታ ከተመደበ ሳምንት አለፈው። ምን አድርጎዎት ነው አኮ? ልጅዎን ጠልፎ ነው?"

"የባሰ" አልኩት።

"እንግዲያማ ሽማግሌ ይላኩበት!"

"እኔ ራሴ ሽማግሌ ነኝ" ብዬው ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ልጅቷ እግሬን አጠበችኝ። "አኮ፣ ተይው በቃ። ድኛለሁ እኮ።"

"የዳንሽው መንገዱ ስለተከፈተ ነው" አልኳት። ያንን ሳምንት መንገዱ እንደገና ለሁለት ቀን ተዘጋ። እኔ በር ላይ ቆሜ ክኒን ስቆጥር አየችኝና፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዬን ራሷ አወጣችልኝ።

ልትከተለኝ ፈልጋ ነበር። አልወሰድኳትም፤ ሐኪሟ ከፍ ያለና አየሩ የሳሳ ቦታ ሥሯን ያጠብባል ብላለች። ወደ ሱሉልታ ታክሲው እንጦጦን ሲወጣ የእኔ ደረት ራሱ ጠበበኝ። ስለ ሥሬ በሮች አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያንን ቀን አሰብኩ። ሱሉልታ ሜዳው በጉም ተሸፍኗል፤ የወተት ቢዶን የጫኑ አህዮች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ጤና ጣቢያው ቅዝቃዜ ያቆረፈደው ሰው ሞልቶታል።

"እማማ፣ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይለፉ" አለችኝ ሕፃን ያዘለች ሴት።

"ያንቺ ሕፃን ያለቅሳል፣ እኔ አላለቅስም። ተራዬን እጠብቃለሁ" አልኳት። ሰው በደለኝ ብዬ የሰው ተራ አልበድልም።

ስገባ አላወቀኝም። ከስቷል። ክንድዎን ይስጡኝ ሳይለኝ ክንዴን ዘረጋሁለት፤ መለኪያውን አሰረ፣ ነፋ፣ ፈታ።

"እማማ፣ ግፊት አለብዎት። ከፍ ያለ ነው። ክኒን ልጽፍልዎት ነው፣ በየቀኑ አንድ።"

ጻፈ። አነበብኩት። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ያንን ቃል እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ያው ክኒን ነው። ከጡቴ ሥር የተሰረዘውን ወረቀት አውጥቼ ከአዲሱ ጎን ዘረጋሁት። ቀዩ መስመር ፊት ለፊቱ ሆነ።

አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ሰበታ" አለ። ቀጥሎ፣ "ልጅቷ...?"

"አለች።"

ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ልቆጣው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበረኝ፤ ከሰበታ እስከዚያ ድረስ ስደረድረው መጥቻለሁ። ስለ ልጅቷ ቀድሞ ሲጠይቀኝ ግማሹን ረሳሁት፣ ግማሹን አልረሳሁትም። ሐኪሟ ክብ የሣለችበትን ወረቀት አሳየሁት፤ በሩን፣ ጎተራውን፣ ክሮቹን እኔው አስረዳሁት። አላቋረጠኝም። ከዚያ ለሰበታ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም አደረገበት።

"አንብብልኝ አልልህም፤ ራሴ አነበዋለሁ" አልኩት። ፊደል በፊደል አነበብኩት። መድኃኒቱ ትክክል ነው፣ ሳይቋረጥ ይሰጣት ይላል። የሰረዘበትን ምክንያት የጻፈበት ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። "'መረጃ ባለመሟላቱ' ያልከውን ሰርዝ። መረጃው እጄ ላይ ነበር።"

"ምን ልበል?"

"የሆነውን።"

ሰረዘውና "ባለመጠየቄ" ብሎ ጻፈ። እንደገና ማኅተም አደረገ። ደብዳቤውን አጣጥፌ ያዝኩ፤ አልተነሣሁም። ውጭ ወረፋው ማጉረምረም ጀምሯል።

"አሁን ንገረኝ። ፊትህ ቆሜ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገልብጠህ አይተኸዋል። ለምን አልጠየቅከኝም?"

ወደ በሩ አየ። ተነሥቶ ዘጋው። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እማማ፣ የሳንባ ግፊት የሚባል እንዳለ ተምሬያለሁ። ክኒኑ ለዚያ እንደሚሰጥ ግን አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እርስዎ እያወቁ እኔ አላውቅም ማለት አፈርኩ።"